በበረዶ ቀዳዳ የገባ ዓይን፦ የውኃ ውስጥ ካሜራ ከግዢ እስከ ማጥመድ፣ የአንድ የብርድ ወቅት ማስታወሻ

ኖቬምበር አጋማሽ፣ ሐይቁ ሳይረጋ

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ላይ ዓሣ አጥማጅ ሥራ የሚፈታበት ጊዜ ቢኖር ይሄ ነው። ለጀልባ በርዷል፤ በረዶው ላይ ለመቆም ደግሞ ገና ነው። ዘንድሮ ይህን ክፍተት ለአንድ ጉዳይ መድቤዋለሁ፦ የውኃ ውስጥ ካሜራ መርጬ መግዛት፣ ለእኛ አገር ብርድ እንዲሆን አድርጌ ማሰናዳት፣ ከዚያም ወቅቱ እስኪዘጋ ድረስ ያየሁትን እዚህ መክተብ።

ለዚህ ያበቃኝ ፍላሸሩ ነው። ፍላሸር ክብ መስኮት ያለው ሶናር ነው፤ መንጠቆህ ቀጭን ሰረዝ ሆኖ ይታያል፣ ዓሣ ሲጠጋው ደግሞ ሌላ ወፍራም ቀይ ሰረዝ ከታች ይነሳል። ባለፈው ዓመት ኋይት ቤር ሐይቅ ላይ ቀዩ ሰረዝ ይነሳል፣ መንጠቆዬ ሥር መጥቶ ይቆማል፣ ትንሽ ይቆይና ተመልሶ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነበር። ምን ዓይነት ዓሣ ነው? ምን አይቶ ተወው? ፍላሸሩ እዚህ ላይ ዝም ነው። ከ2018 (በፈረንጆቹ) ወዲህ ጋርሚን ያወጣው ላይቭስኮፕ የሚባለው ሶናር ዓሣው ሲዋኝ በቀጥታ ያሳያል፤ ዋጋው ግን ኪስ ያራቁታል። በዚያ ላይ እሱም ቢሆን ቅርጽ እንጂ መልክ አያሳይም። ዋልአይ የሚባለው ተፈላጊ ዓሣ ነው ብለህ የምትለማመጠው ጥላ ጭቃ የሚልስ ሰከር የተባለ ዓሣ ሊሆን ይችላል።

ሐሳቤን ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ አብረውኝ የሚያጠምዱ፣ ጣና ዳር ያደጉ፣ ታንኳ መቅዘፍን ከፊደል ቀድመው የለመዱ ሰው ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዓሣውን ካየኸውማ ማጥመዱ ምኑ ላይ ነው? ገበያ አትሄድም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ማየትና መያዝ እኮ ለየቅል ናቸው» ብላቸው፣

«እሱንም እናየዋለን» ብለው ዘጉት።

ያው ሳምንት፣ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት

ካሜራ ከመምረጤ በፊት ውኃውን ለካሁ። በኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ እዚህ ነው። ውኃው ካላሳየ ካሜራው አያሳይም፤ የሺህ ዶላሩም ሆነ የመቶው እኩል ይታወራሉ።

መለኪያው ጥንታዊ ነው። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ በ1865 ነጭ ሳህን በገመድ አስሮ ባሕር ውስጥ እየሰደደ፣ ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት መዘገበ። ዛሬ ለሐይቅ የሚያገለግለው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ አራት ቦታ ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ነው። እኔ የባልዲ ክዳን ቆርጬ፣ ሁለቱን ሩብ በጥቁር ስፕሬይ ቀብቼ፣ መሐሉን በስቼ፣ በሥሩ አሮጌ የብረት ብሎን አሰርኩበት። ገመዱን በየግማሽ ሜትሩ በቀይ ፕላስተር ምልክት አደረግኩበት። ከዚያ ከጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ተንበርክኬ ቁልቁል ለቀቅኩት።

ኋይት ቤር ላይ ከሦስት ሜትር በላይ ወርዶ ታየኝ። ከተማ ውስጥ ያለው ኖኮሚስ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ሳይሞላ ተዋጠ። ሰው ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያየውና ካሜራው ወደ ጎን የሚያየው አንድ አይደለም፤ በኔ ልምድ ዓሣን ለይቶ ለማወቅ የሚበቃው ርቀት ክዳኑ ከጠፋበት ጥልቀት ግማሹ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ኖኮሚስ ላይ ይህ ማለት ክንድህን ዘርግተህ የምትነካው ያህል ብቻ ነው። ሚኒሶታ ከ1973 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች እንዲህ ያለ ሳህን እያጠለቁ የሐይቆችን ጥራት ይመዘግባሉ፤ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ሌክፋይንደር በተባለው ድረ ገጹ ላይ ስለ ብዙ ሐይቆች ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል። የምታጠምድበትን ሐይቅ ስም አስገብተህ ማየት ነጻ ነው፣ ካሜራ ከመግዛት ይቀድማል።

አንድ ነገር ግን ያስገርማል። ዚብራ መስል የሚባለው ወራሪ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ውኃውን እያጣራ ስለሚመገብ፣ የገባበት ሐይቅ ይጠራል። ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ በ2005፣ ሚኔቶንካ ላይ በ2010 ተገኝቷል። ለሐይቁ መርዶ፣ ለካሜራ ባለቤት ብሥራት። እንዲህ ባለ ብሥራት ግን ደስ ብሎኝ አላውቅም።

ኖቬምበር ማለቂያ፣ ምርጫው

መጀመሪያ ከዝርዝሬ የወጡትን ልናገር። አክሽን ካሜራ የሚባሉት ጥሩ ቪዲዮ ይቀርጻሉ፤ ግን ምን እንደቀረጹ የምታውቀው ቤት ገብተህ ነው። የራዲዮ ሞገድ ውኃ ውስጥ ብዙም ሳይርቅ ስለሚሞት ከታች ወደ ስልክህ ምስል መላክ አይችሉም። «ገመድ አልባ» ተብለው የሚሸጡትም ቢሆኑ አንቴናቸው ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ካሜራው በገመድ የሚንጠለጠል ነው፤ ምስሉም ዘግይቶ ይደርሳል። ብሉጊል የተባለው ትንሽ ዓሣ ጂጉን (ትንሽ ክብደት ያለበትን መንጠቆ) ስቦ እስኪተፋ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅበትምና የዘገየ ምስል ለትዝታ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ስልክ ላይ የሚሰካ ረጅም ካሜራም አለ። እሱ የተሠራው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ነገር አጥርቶ እንዲያሳይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል። ስልኩም ብርዱ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል።

የቀረው በኬብል ከራሱ ስክሪን ጋር የተያያዘ፣ ለዓሣ ተብሎ የተሠራው ነው። እዚህ ውስጥ አኳ-ቩ እና ማርከም አሉ፣ ሁለቱም እዚሁ ሚኒሶታ የተወለዱ ስሞች ናቸው፤ ዋጋቸው ከጥቂት መቶ ዶላር ተነስቶ ሺውን ያልፋል። ከሥራቸው ደግሞ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ዶላር የሚሸጡ፣ ስማቸው በየወሩ የሚቀያየር፣ ፊታቸው ግን አንድ የሆነ ብዙ አሉ።

ለሚመርጥ ሰው የምመክረው ይህን ነው፦ ፒክሰል ላይ ገንዘብ አታፍስ። ሣሎን ቴሌቪዥን ላይ ልዩነት የሚያመጣው ጥራት፣ ሁለት ሜትር ደለል ከፊቱ ሲጋረድበት ትርጉም ያጣል። ገንዘቡን ሦስት ነገር ላይ አውለው። አንደኛ፣ በትንሽ ብርሃን የሚያይ ሴንሰር። ጥቁርና ነጭ የሚያሳይ አሮጌ ካሜራ ምሽት ላይ ከቀለም ካሜራ የተሻለ የሚያይበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ላይ የሚነበብ ስክሪን፤ ስኖው (ከሰማይ የሚወርደው ነጭ በረዶ) ላይ የሚያንጸባርቅ ቀትር ርካሹን ስክሪን ወደ መስታወት ይቀይረዋል፣ የምታየው የራስህን ጢም ነው። ሦስተኛ፣ ብርድ ላይ ደርቆ የማይገተር ኬብል። ሻጮች ስለ ኬብሉ የሚነግሩህ ርዝመቱን ብቻ ነው። እኔ የማጠምድበት ጥልቀት ከ12 ሜትር ስለማያልፍ 15 ሜትር በቂዬ ነው፤ 30 ሜትር መግዛት የሚጠላለፍ ገመድ መግዛት ነው።

በመጨረሻ የወሰድኩት ሰባት ኢንች ስክሪን ያለው፣ ያገለገለ፣ ምስሉ አናሎግ የሆነ ካሜራ ነው። ምስሉ አይዘገይም። መብራቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ ነጭና ኢንፍራሬድ። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ወደፊት ስለ ባትሪው የምለው አለኝ።

ዲሴምበር መጀመሪያ፣ ገንዳ ውስጥ

በረዶው እስኪጸና መታጠቢያ ገንዳውን ሐይቅ አደረግኩት። ባለቤቴ ኬብል በበሩ ሥር ሲገባ አይታ ምንም አላለችም፤ አለማለቷ ብዙ ነው።

ማወቅ የፈለግኩት ካሜራው ምን ያህል ስፋት እንደሚያይ ነበር። ወረቀቱ ላይ 90 ዲግሪ ይላል። ሜትር ከግድግዳው ላይ ለጥፌ ካሜራውን 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ባቆም፣ እውነትም 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ታየኝ። ያንኑ ሜትር ገንዳው ጎን ላይ አጣብቄ ውኃ ሞልቼ በተመሳሳይ ርቀት ሳየው ከ50 ብዙም አልዘለለም። ካሜራው አልተበላሸም፤ ብርሃን ከውኃ ወደ ጠፍጣፋው መስታወትና ወደ ውስጡ አየር ሲሻገር ስለሚታጠፍ 90 የነበረው ወደ 64 ዲግሪ ይጠባል። ለአጥማጅ ይህ ሁለት ነገር ነው። ካሜራህ ከምታስበው ይልቅ ጠባብ ቦታ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ጂጉን ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ራቅ ማለት አለበት። ደግሞም ሁሉም ነገር ሩብ ያህል ቀርቦ፣ ማለትም ገዝፎ ይታያል። ስክሪኑ ላይ እጅህን አክሎ የታየህ ብሉጊል ስታወጣው ሲያንስ ሌባ የለም፤ ፊዚክስ ነው።

ዲሴምበር፣ የጋራዥ ሥራ

ካሜራ በኬብሉ ብቻ ሲንጠለጠል ይሽከረከራል። የኬብሉ ጥምዝ እስኪፈታ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይዞራል፤ መንጠቆህ በየጊዜው ብቅ ብሎ ይጠፋል። ለጥልቀት አልባ ቦታ መፍትሔው ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያሳልፉበትን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሦስት ሜትር ቆርጬ ካሜራውን ጫፉ ላይ አሰርኩ፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ቲ የሚመስል መገጣጠሚያ አስገብቼ አንዱን ክንድ ሌንሱ ወደሚያይበት አቅጣጫ አዞርኩትና ቀይ ቀባሁት። ቀዩ ወዴት እንደሚያመለክት ካየሁ ካሜራው ወዴት እንደሚያይ አወቅኩ። ለጠለቀው ውኃ ደግሞ ከእንጨት ቁራጭ ከቀዳዳው ሰፋ ያለ ማገጃ ሠራሁ፤ ጎኑን በመጋዝ ሰንጥቄ ኬብሉን እዚያ ውስጥ አጣብቀዋለሁ። ማገጃውን በቀስታ ሳዞር ካሜራው ዘግየት ብሎ ይከተላል። ኬብሉን በየሜትሩ በቀለም ፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ፤ አምስተኛውና አሥረኛው ቢጫ ናቸው።

ለስክሪኑ ከጥቁር ስፖንጅ ምንጣፍ ኮፈን ሰፋሁለት። ጋሼ አይተው «የፈረስ ዓይን መጋረጃ ነው እንዴ?» አሉ። ቀትር ላይ መጀመሪያ አጎንብሰው ያዩበት ግን እሳቸው ናቸው።

ባትሪው ይኸው። አብሮት የመጣው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል። ካሜራው ከነስክሪኑ ግማሽ አምፔር ትንሽ አለፍ ያለ ስለሚስብ በወረቀት ላይ አሥር ሰዓት ያህል መዝለቅ ነበረበት። ወረቀት ግን ብርድ አያውቅም፤ እርሳስ ባትሪ ከዜሮ በታች ሃያ ገደማ ላይ ግማሹን ያህል አቅሙን ያጣል። የኔው ደግሞ ያረጀ ነበርና ጋራዡ ውስጥ እንኳ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ስክሪኑን አደበዘዘው። ሻጩን ደውዬ ባነጋግረው «አዲስ ይመስል ነበር» አለኝ። ይመስል ነበር! በሊቲየም አይረን ፎስፌት ቀየርኩት፤ ክብደቱ ከግማሽ በታች ነው። አንድ ሕግ አለው፦ በረዶ ነጥብ ላይ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ቻርጅ አይደረግም፣ ውስጡ ይጎዳል። ስለዚህ ከሐይቅ ስመለስ ቤት ውስጥ ሙቀት እስኪይዝ አስቀምጠዋለሁ፣ ከዚያ ነው የምሰካው።

ዲሴምበር ማለቂያ፣ የመጀመሪያው በረዶ

የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ መመሪያ በእግር ለመሄድ አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ አራት ኢንች፣ ማለትም አሥር ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት ይላል፤ ነጭ፣ ስኖው የተቀላቀለበት ከሆነ እጥፉ። ጋሼ ዘወትር ከፊት ናቸው፣ በሾለ ብረት ዘንግ በየጥቂት እርምጃው እየወጉ። «ጣና እንዲህ አይሸነግልም» ይላሉ። እኔ አንገቴ ላይ ሁለት ሹል መጨበጫ አንጠልጥያለሁ፤ ሰው ቢገባ በረዶውን ቧጥጦ የሚወጣበት ነው።

ሁለት ቀዳዳ ሰረሰርን፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር ያህል። በአንዱ መንጠቆ፣ በሌላው ካሜራ። አንድ ቀዳዳ ይበቃል የሚል ሰው ክርና ኬብል ተጠላልፎ አላየም። ውኃው ከሦስት ሜትር አይበልጥም፣ አረሙ ገና አረንጓዴ ነው። ቱቦውን አውርጄ ቀዩን ክንድ ወደ ጋሼ ቀዳዳ አዞርኩት። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ አረንጓዴ ጭጋግ፣ ከዚያ የአረም ቅጠሎች፣ ከዚያ የጋሼ ጂግ ጫፉ ላይ ነጭ ትል ተንጠልጥሎበት ታየ።

ከግራ በኩል አንድ ብሉጊል ገባ። አልቸኮለም። ከጂጉ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ፤ የጎን ክንፎቹ ብቻ ይርገበገባሉ። ዓይኑን ወደ ትሉ ጠመም አደረገ። ከዚያ የስንጥቡ ክዳን ቦግ ብሎ ተከፈተና ትሉም ጂጉም ጠፉ። አልነከሰም፤ ከነውኃው ሳበው። ክሩ ላይ የታሰረውን ተንሳፋፊ አየሁ፣ ንቅንቅ አላለም። ወደ ስክሪኑ ስመለስ ጂጉ ተተፍቶ ወጥቷል፣ ዓሣው ግማሽ ጣት ወደ ኋላ ብሎ አሁንም ያየዋል። ጋሼ በተንሳፋፊው ላይ አፍጥጠዋል፣ ምንም አልሰሙም።

«ጋሼ፣ በላዎት እኮ!»

«ማን? መቼ?»

ስክሪኑን አዞርኩላቸው። ደግሞ አንድ መጣ፣ ሳበ፣ ተፋ። ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ። «ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያላግጡብን ኖረዋል!»

ከዚያ በኋላ ተንሳፋፊውን ነቅለን በማጥመጃው ዘንግ ጫፍ ላይ የምትታሰር ቀጭን የሽቦ ስፕሪንግ ተካንበት፣ ጂጉንም በትንሹ ቀየርን። ደንቡ አንድ ነው፦ ጂጉ ከስክሪኑ ሲጠፋ፣ ማጥመጃውን ቀና ማድረግ። ባልዲው ውስጥ የገባውን ካሜራው አገኘው አልልም፤ ዓሣው ድሮም እዚያው ነበረ። እኛ ነን የማናውቅ የነበርን።

ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ብርሃን

ስኖው ወረደ። በንጹሕ በረዶ ሥር ቀትር ላይ መብራት የማይሻ የነበረው ሐይቅ አሁን ምሽት መስሏል። በካሜራው ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ስኖው በአካፋ ጠርጎ ሁለት ሦስት ሜትር መስኮት መክፈት ምስሉን ከማንኛውም ኤልኢዲ በላይ ያሻሽለዋል። ጥልቀቱ ትንሽ ውኃውም ጥርት ያለ ከሆነ ግን ይህ መስኮት ዓሣውን ያስደነግጣል፤ በጠራው ክብ ዳር ዳር ሲዞሩ፣ ወደ መሐል ሳይገቡ አይቻለሁ። እንዲያ ሲሆን ስኖውውን መልሼ እበትንበታለሁ።

ስለ መብራቱ። ነጩን መብራት ሳበራ ስክሪኑ ነጭ በነጭ ሆነ፤ መብራቱ ሌንሱ ጎን ስላለ ከፊቱ ያለው ደለል ሁሉ ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል፣ ልክ ስኖው ሲወርድ የመኪናን ረጅም መብራት እንደማብራት። ሳጠፋው የተሻለ አየሁ። ኢንፍራሬዱስ? ማስታወቂያው «ዓሣ የማያየው መብራት» ይላል፤ ያ ይሁን። ነገር ግን ውኃ ኢንፍራሬድን አጥብቆ ይውጣል። 850 ናኖ ሜትር ላይ ያለው ብርሃን አንድ ሜትር ንጹሕ ውኃ ሲያልፍ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይተርፍም፣ የተረፈውም ዓሣው ላይ ነጥሮ ተመልሶ መምጣት አለበት። 940 የሚል ከተጻፈበት ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ «ኢንፍራሬድ ስላለው ሌሊት አሥር ሜትር ያሳያል» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ሰላምታ ሰጥተህ እለፈው። ካሜራው ጂጉ ጋ በግማሽ ሜትር ከተጠጋ ግን ይሠራል፣ ለዚያ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ቀለምም ይዋሻል። ቀይ ብርሃን ቀድሞ ስለሚዋጥ አምስት ሜትር ገደማ ላይ ቀዩ ጂግ ቡናማ፣ ዝቅ ሲል ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። የሱቁን መደርደሪያ አስቤ ሳቅኩ፤ ያ ሁሉ ቀይ የሚሸጠው ለዓሣ ነው ለእኛ?

ጃንዋሪ መጨረሻ፣ ሚል ላክስ

ከሚኒያፖሊስ መቶ ማይል ገደማ ወደ ሰሜን። ሐይቁ 132 ሺህ ኤከር ነው፤ ከዳር ቆመህ ማዶው አይታይህም። ግን ጠለቅ የሚል አይደለም፣ ከፍተኛው 42 ጫማ፣ 13 ሜትር ገደማ ነው። በረዶው ላይ መንገድ ተጠርጎ መኪና ይሄድበታል። ጠዋት ከዜሮ በታች 25 ነበር።

እንዲህ ያለ ብርድ ዕቃን ይመረምራል። ኬብሉ ደርቆ እንደጠመጠምኩት ቀረ፤ ማጠንጠኛውን ድንኳኑ ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ አሳርፌ ነው ያላላሁት። ስክሪኑ ዘገምተኛ ሆነ፣ ዓሣው ካለፈ በኋላ ጥላው ይቀራል። ካሜራውን ለአንድ አፍታ ከውኃ ባወጣሁት ቁጥር ሌንሱ ላይ ያለችው ስስ ውኃ ወዲያው ትረጋለች፤ በጣትህ ብትፍቃት ትጭራለች፣ መልሰህ ብታጠልቃት ግን ራሷ ትለቃለች። ማሞቂያ ስታበራ የድንኳኑን የአየር መግቢያ ክፍት መተው ግዴታ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ካሜራም አያሳየውም።

ቀን ቀን ፐርች የሚባሉ ዓሦች ነበሩ። ጂጉን ታች ደለል ላይ ጠብ ሳደርገው ትንሽ የጭቃ ደመና ይነሳል፣ ፐርቾቹም ወደ ደመናው ይሮጣሉ፤ እነሱ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ትል መብላት ስለለመዱ ደመናው የምግብ ምልክት ነው። ይህን በፍላሸር ብቻ አላውቀውም ነበር። ሌላም አየሁ። ዓሣ ቀርቦ ሲያመነታ እጄ ወዲያው መነቅነቅ ይጀምራል፣ ዓሣውም ወደ ኋላ ይላል። ጂጉን ዝም አሰኝቼ ከዚያ አንድ ጣት ያህል ቀስ አድርጌ ሳነሳው ግን ይከተላል።

ፓይክ የምትባለው አዳኝ ዓሣም መጣች። ከካሜራው ፊት ለፊት፣ ጥርሷን አስቀድማ፣ ስክሪኑን ሞልታ። ካሜራውን መታችው፣ ኬብሉ ተወዘወዘ፣ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። የካሜራው ብረት ያብለጨልጭ ነበርና በጥቁር ፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም፣ ፕላስተሩ ነው ብዬ ግን አልምልም።

ወደ ቁም ነገሩ። ሚል ላክስ የተሄደው ለዋልአይ ነው። ዋልአይ ዓይኑ ውስጥ እንደ ድመት ብርሃን መላሽ ሽፋን አለው፣ በድንግዝግዝ ጊዜ ከሚያድነው ዓሣ በላይ ያያል፤ ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወጣል። ካሜራውም የሚታወረው ያኔ ነው። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ፍላሸሩ ግን ቀይ ሰረዝ ማሳየት ጀመረ። ካሜራውን አወጣሁትና በፍላሸር ብቻ አጠመድን፤ ጋሼ የያዙት ዋልአይ የመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ካሜራው ቢኖር ኖሮ ክሩን ኬብሉ ላይ ይጠቀልለው ነበር። ትልቅ ዓሣ ሲያዝ አንድ ሰው ካሜራውን ማንሳት አለበት፣ ይህን ተስማምተን ሥራ ተከፋፍለናል።

ጋሼ በመመለሻው መንገድ «የቀን ዓይን ነው ያለህ፣ የሌሊቱን እኔ እይዛለሁ» አሉኝ። ተስማምቶኛል።

ፌብሩዋሪ

አፐር ሬድ ሐይቅ ሄድን። ውኃው እንደ ደፈረሰ ሻይ ነው። ካሜራው ከመኪና አልወረደም።

ኋይት ቤር ስንመለስ ክራፒ የሚባለውን ዓሣ ፈለግን። ክራፒ ዓይኑ ወደ ላይ ያዘነበለ ነው፣ ከራሱ በላይ ያለውን ይበላል፤ ደግሞም ከታች ርቆ መሐል ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። እኔ ካሜራውን ወለሉ አጠገብ አውርጄ ባዶ ጭቃ ስመለከት ፍላሸሩ ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ዓሣ ያሳያል። ካሜራውን ከዓሣው በታች ትቼ ሌንሱን ወደ ላይ ቀና ሳደርገው ነገሩ ተለወጠ፤ በበረዶው ብርሃን ላይ ጥቁር ጥላቸው ጎልቶ ታየ፣ ብርሃኑ ደካማ በነበረበት ሰዓት እንኳ። ምን ያህል እንደሆኑ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ የትኛው ጂጉን እንደሚያይ። ለዝርዝር አይሆንም፣ ለቆጠራ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

አንድ የምጠነቀቅበት አለ። ካሜራ ዓሣ የተሰበሰበበትን ጥልቅ ጉድጓድ ያሳይና ያስጎመጃል። ከዘጠኝ ሜትር በላይ ጠልቆ የተያዘ ክራፒ ሲወጣ የአየር ከረጢቱ ይነፋል፤ መልሰህ ብትለቀውም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ እዚያ ካጠመድን የምንበላውን ያህል ይዘን እንነሳለን፣ «እየያዝኩ እለቃለሁ» የሚባል የለም።

የዋልአይና የፓይክ ወቅት በፌብሩዋሪ የመጨረሻ እሑድ ተዘጋ። ብሉጊልና ክራፒ ክፍት ናቸው፣ በረዶው ግን እየሳሳ ነው፣ ጋሼም በብረት ዘንጉ ደጋግመው ይወጋሉ።

ማርች፣ ማጠብና አንድ ጥያቄ

ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ የአረም ክሮችን አነሳሁ። ከዚብራ መስል ሐይቅ የወጣ ዕቃ ወደ ሌላ ውኃ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ አምስት ቀን መድረቅ አለበት፤ ኬብሉን ጋራዥ ውስጥ በሰፊው ጠምጥሜ ሰቅየዋለሁ። የፕላስተር ማሰሪያዎቹን ፈታሁ፣ በሥራቸው እርጥበት ይደበቃልና። ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልቼ ቤት ውስጥ አስቀመጥኩ።

ያደግኩት ሐዋሳ ነው፤ አሞራ ገደል ዓሣ ሲወጣ እያየሁ። የአጎቴ ልጅ እዚያው ነው፣ ፎቶ ብልክለት «ለእኛም አንድ አምጣ» አለኝ። መጀመሪያ የባልዲ ክዳን ቀብቶ ከታንኳ እንዲያጠልቅ ነገርኩት። ሲደውል እየሳቀ ነበር፦ ክዳኑ አንድ ሜትር ሳይሞላ ጠፍቷል። ዝዋይና ላንጋኖ ከዚያም ይብሳሉ፣ ላንጋኖማ ቡናማ ነው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ እንዲሞክረው ነግሬዋለሁ፤ ያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፣ ዕድል ሊኖረው ይችላል። ለሐዋሳው ግን ካሜራ አልልክም። ጠንካራ ክርና የተለያየ ቁጥር ያለው መንጠቆ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ፣ ለፋሲካ የሚሄድ ሰው አለ።